አዳራሹን ተዪው፣ ዶርሙን ያዢ

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምማረው ድሬዳዋ ነው። ዘንድሮ የግቢያችንን የአቻ ለአቻ ትምህርት ፕሮግራም እንዳስተባብር ተመርጬ በደስታ ተቀበልኩ። ከየትምህርት ክፍሉ በውጤታቸው የተመረጡ 30 ተማሪዎች ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤናና ስለ ሱስ ሥልጠና ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ዝግጅት እናደርጋለን። የመጀመሪያው ቀን ለስላሳ መጠጥ ስለነበረ አዳራሹ ሞላ። ለስላሳው ሲቀር ተማሪውም ቀረ። አሁን የሠለጠኑት ራሳቸው ግማሾቹ አይመጡም፤ የሚመጡትም «አበሉ መቼ ነው? ሰርተፊኬቱስ?» ይሉኛል። የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ደግሞ የተሳታፊ ቁጥርና ፎቶ ይጠብቃል።

ሌላም ነገር አለ። አንዲት የአንደኛ ዓመት ልጅ የኤችአይቪ ምርመራ የት እንደሚደረግ አንዱን አቻ አስተማሪያችንን ጠየቀችው። እርሱ ለዶርሙ ልጆች አወራ፤ ወሬው ግቢውን አዳረሰው። ልጅቷ ካፌ መግባት ትታለች ይባላል።

ተማሪው ግድ የለሽ ሆኗል። እንዴት አድርጌ ልሰብስበው? ልጁንስ ምን ላድርገው? በቀረችን ገንዘብ ቲሸርት ብናሳትም ይሻል ይሆን? ወይስ ኃላፊነቱን ላስረክብ?

ሰ. ነኝ፣ ከድሬዳዋ

ምላሽ

ልጄ ሰ.፣

በጻፍሽበት ቅደም ተከተል አልመልስልሽም። ስለ አዳራሹ ብዙ፣ ስለ ልጅቷ ጥቂት ጽፈሻል፤ እኔ ግን ከልጅቷ እጀምራለሁ።

«ካፌ መግባት ትታለች ይባላል» ብለሻል። ይባላል? እስካሁን ሄደሽ አላየሻትም ማለት ነው። ዛሬውኑ ሂጂ። ፕሮግራሙን ወክለሽ ሳይሆን እንደ ታላቅ እኅት ሂጂ፤ ብቻዋን የምትሆንበትን ሰዓትም ጠብቂ። የዶርም ጓደኞቿ እያዩ ብትጠሪያት ሌላ ወሬ ትጨምሪባታለሽ። ይቅርታ ጠይቂያት፤ ምክንያት አትደርድሪ። በተለይ «እርሱ እኮ ክፉ አስቦ አይደለም» የምትለው ንግግር ከአፍሽ እንዳትወጣ። ከዚያ «ምን እንድናደርግ ትፈልጊያለሽ?» ብለሽ ጠይቂና አዳምጪ። ልጁ እንዲጠየቅ ትፈልግ ይሆናል፤ ነገሩ ጨርሶ እንዳይነሳባትም ትፈልግ ይሆናል። ምርጫው የእርሷ ነው። አቤት ማለት ከፈለገች ወደ ሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቱ ወይም ወደ ተማሪዎች ዲን አብረሻት ሂጂ። ስለ ምርመራው አንቺ አታንሺባት። እርሷ ካነሳችው ግን ከግቢ ውጭ፣ ማንም በማያውቃት ጤና ጣቢያ መመርመር እንደምትችል ንገሪያት፤ ከፈለገች ሸኚያት።

ልጁን ከሥራው አንሺው። ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር እዚህ ላይ አልቀበልም፤ እርሱ እያለ ማንም ሁለተኛ ወደ እናንተ አይመጣም። ነገር ግን ሠላሳው በተሰበሰበበት አታዋርጂው። እርሱን በአደባባይ ስትወቅሺ የልጅቷን ጉዳይ አንቺ ራስሽ እንደገና ማውራትሽ ነው። ለብቻው ጠርተሽ ምን እንዳደረሰባት ንገሪው፣ መታወቂያ ባጅ ካለው ተቀበይውና አሰናብቺው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ወሬውን መመለስ አትችዪም፤ የሚቀጥለውን ማስቀረት ግን ትችያለሽ።

ሥልጠናችሁ ውስጥ ምስጢር ስለ መጠበቅ ምን ያህል ጊዜ እንደተሰጠ አልጻፍሽልኝም። የእነዚህን ሥልጠናዎች ጠባይ ስለማውቅ እገምታለሁ፦ በመጨረሻው ቀን፣ ሰዉ ሰዓቱን እያየ፣ ሰርተፊኬቱ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ፣ «በነገራችን ላይ ምስጢር ጠብቁ» ተብሎ አልፏል። እንደገና ጥሪያቸውና ግማሽ ቀን በዚህ ብቻ አሳልፉ። ስም የሌለበትን ታሪክ ማውራትም ማውራት እንደሆነ ይወቁ፤ «አንዲት የኢኮኖሚክስ ፍሬሽማን፣ ከባሕር ዳር የመጣች» ከተባለ ስሟ ቀረ አይባልም። ደብተር ላይ ስም አይጻፍ። ለጽሕፈት ቤቱ የሚሄደው ሪፖርት ቁጥር ብቻ ይሁን።

ምስጢር ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያማክሩት ሰው ነገሩን ከመጀመሩ በፊት ሊሰማው ይገባል። አቻ አስተማሪው «የነገርከኝን ለማንም አልናገርም፤ ነፍስህን የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም፣ የሚረዳህ ሰው ጋ አብረን እንሄዳለን» ብሎ ይጀምር። ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ልጅ ሲያጋጥም ሌሊቱን ሙሉ ሲመክሩት ማደር የተማሪ ሥራ አይደለም። ብቻውን አለመተው፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መውሰድና ባለሙያ እጅ ላይ ማድረስ ነው። ይህን ሳይማር የገባ ልጅ በጓደኛው ችግር ራሱ ይታመማል።

አሁን ወደ አዳራሹ። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት! ልጄ፣ ድሬዳዋ ነው ያለሽው። በዚያ ሰዓት ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የታደለው ጥላ ሥር ተኝቷል፣ ያልታደለው የሳምንቱን ልብስ እያጠበ ነው፣ ሌላው ቀፊራ ገበያ ወርዷል፣ የቀረው ጫት ሊቅም በርጫ ላይ ተቀምጧል። ተማሪው ግድ የለሽ ሆኖ አይደለም የቀረው። ሰዓቱን ማስተካከል ትችያለሽ፤ አመሻሽ ላይ ብታደርጊው ጥቂት ሰው ይጨምርልሽ ይሆናል። ነገር ግን ከሰዓቱም በላይ አዳራሽ ራሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሁለት መቶ ሰው መሃል እጁን አውጥቶ «ሽንቴን ስሸና ያቃጥለኛል» የሚል ወንድ አላየሁም። መድረክ ላይ የወጣ እኩያ ደግሞ እኩያነቱ ያከትማል፤ ማይክሮፎን እንደያዘ መምህር ይሆናል፣ መምህር ደግሞ ግቢው ሞልቶታል።

የአቻ ለአቻ ትምህርት በዓለም ዙሪያ ብዙ ተሞክሯል። በጥናቶቹ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ነገር ሰዉ ዕውቀት ይጨምራል፣ ጠባዩ ግን ያን ያህል አይለወጥም የሚል ነው። ስለዚህ ኮንዶም እንዴት እንደሚሠራ ሠላሳ ጊዜ መናገር የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ተሳካ ከተባሉት አንዱን ግን ልንገርሽ። በእንግሊዝና በዌልስ በ59 ትምህርት ቤቶች የተካሄደና ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው፤ ጉዳዩ ሲጋራ ነበር። አስተባባሪዎቹ አቻ አስተማሪዎቹን አልመረጡም፤ መምህራንም አልመረጡም። ከ12 እስከ 13 ዓመት የሆናቸውን ተማሪዎች «ከመካከላችሁ የምታከብሩት፣ የምትሰሙት ማን ነው?» ብለው በጽሑፍ ጠየቁና ብዙ ጊዜ የተጠሩትን ለ2 ቀን አሠለጠኑ። እነዚያ ልጆች አዳራሽ አልጠሩም። ለ10 ሳምንት ያህል በእረፍት ሰዓት፣ በመንገድ፣ በጨዋታ መሃል ከጓደኞቻቸው ጋር ስለ ሲጋራ አወሩ፤ በቃ። ከዓመት በኋላ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚያጨሰው ተማሪ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የአንቺ ጉዳይ ሲጋራ አይደለም፣ ተማሪዎችሽም የ13 ዓመት ልጆች አይደሉም፤ አመራረጡን ግን መዋስ ይቻላል።

የእናንተ ሠላሳ የተመረጡት በውጤታቸው ነው። ጎበዝ ተማሪ ሌሊት ሌሊት ላይብረሪ ነው፤ ማን ያገኘዋል? በየዶርም ብሎኩ ወረቀት አዳርሺና «ቢቸግርህ ከተማሪ መካከል ማንን ታማክራለህ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ብቻ የመላሹ ስም ሳይጻፍ አስመልሺ። ሦስትና አራት ጊዜ የሚደጋገሙ ስሞች ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹም ያስደነግጡሻል። ውጤቱ ዝቅ ያለ፣ ክፍል የሚፎርፍ፣ ቀልደኛ፣ ካርታ የሚጫወት ይኖርበታል። እርሱን ነው የምትፈልጊው። ሱማሊኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎች በቁጥር እንዲገኙ ተጠንቀቂ፤ አማርኛ በሚገባ የሚችል ልጅም ቢሆን የሚያሳፍረውን ነገር በአፍ መፍቻው መናገር ይቀለዋል። ሴቶች ቢያንስ ግማሽ ይሁኑ። የቀደሙትን ሠላሳ አታባሪ፤ ስማቸው ከተደጋገመ ይቀጥላሉ፣ ካልተደጋገመም ጥያቄ መሰብሰቡንና ቁጥር መያዙን ይሥሩ።

ሥራው የሚሠራው ማታ፣ ዶርም ውስጥ ነው። ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ በሩ ለንፋስ ተከፍቷል። አንዷ የታችኛው አልጋ ላይ ተቀምጣ የጓደኛዋን ፀጉር ትሠራለች። የምትሠራላት ልጅ ፊቷን ሳታዞር «አንዲት ጓደኛዬ እኮ የወር አበባዋ ቀረ» ትላለች። ያልሠለጠነችዋ «የቷ ጓደኛሽ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። የሠለጠነችዋ ፀጉሩን መሥራቷን ሳታቋርጥ «ለጓደኛሽ ንገሪያት፣ ቀኑ ካለፈ ከፋርማሲ በሚገዛው የሽንት መመርመሪያ ማወቅ ትችላለች። ነገ ጠዋት እኔ ፋርማሲ እሄዳለሁ፤ ልግዛላት? ስሟን ማወቅ የለብኝም» ትላለች። ይኸው ነው። ሥልጠናችሁን እንደገና ስታደርጉ እንዲህ ያለውን ንግግር እየተጫወቱ ይለማመዱት፤ ግማሹን ሥዕልና ሠንጠረዥ ቀንሺው።

እርግጥ የሚያውቁት ነገር ትክክል መሆን አለበት። ብዛቱ አያስፈልግም፤ ሰዓት የሚቆጠርባቸውን ጉዳዮች ግን በእንቅልፋቸውም ቢጠየቁ ሊመልሱ ይገባል። ለተደፈረች ልጅ ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እንግዲህ ቁጠሪ፦ ዓርብ ማታ የደረሰ ነገር ሰኞ ማታ ጊዜው ያልፋል። ቅዳሜና እሑድ የግቢው ክሊኒክ ማን እንዳለበት፣ ድል ጮራን የመሰለ የመንግሥት ሆስፒታል በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማንን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የማያውቅ አቻ አስተማሪ ያን ሁለት ቀን «ሰኞ እንሄዳለን» እያለ ይፈጀዋል። ስለዚህ አዳዲሶቹን በቡድን በቡድን አድርገሽ ቦታዎቹን በእግራቸው አዙሪያቸው፤ ነርሷን ይተዋወቋት፣ ተረኛው የት እንደሚቀመጥ ይዩ። ልጅቷ ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥብ ብትሄድ ለማስረጃ እንደሚረዳም ይወቁ፤ ከታጠበችም ግን «በቃ ረፍዷል» እንዳይሏት፣ ሕክምናው አይቀርም።

የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እንክብልም እንዲሁ ነው። ሰዉ ፖስትፒል የሚለው ማለቴ ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ነው፤ በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ኤችአይቪንም ሆነ ሌላ የአባላዘር በሽታን አይከላከልም፣ ቀድሞ የተፀነሰንም አያስወርድም። ስለ ምርመራ ደግሞ ትናንት የተጋለጠ ሰው ዛሬ ተመርምሮ «ነፃ ነኝ» ማለት እንደማይችል፣ ከ3 ወር በኋላ መድገም እንዳለበት ይናገሩ። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ እንዳይረሱ፦ ቫይረሱ በደሙ የሚገኝ ሰው መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም። ግቢያችሁ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ መድኃኒት የሚወስድ፣ ክኒኑን ለመዋጥ ሽንት ቤት የሚደበቅ ተማሪ ሊኖር ይችላል። «ኤድስ ገዳይ ነው» የሚለውን አሮጌ ፖስተር ግድግዳ ላይ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስቢ። ካለ አንሺው።

ስለ ጫት ሳልናገር ብቀር ድሬዳዋን አላውቃትም ትይኛለሽ። «ጫት ጎጂ ነው» ብሎ ማስተማር እዚህ ብዙ አያራምድም። ለአወዳይ ገበሬ ልጅ ጫት የደብተርና የልብስ ገንዘቡ ነው፤ አባቱም እንግዳ ሲቀበል የሚያቀርበው እርሱን ነው። ከጎጃም ወይም ከጋሞ ለመጣው ደግሞ እዚህ ከደረሰ በኋላ፣ ለፈተና መዘጋጃ ተብሎ ከጓደኛ እጅ የተቀበለው አዲስ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ንግግር ማስተማር አይቻልም። አቻ አስተማሪዎችሽ ስለሚያዩት ነገር ያውሩ፦ ሲቅም ያደረ ልጅ ንቁ ይመስለዋል እንጂ ያነበበውን የሚያጸናለት እንቅልፉ ቀርቶበታል፤ ጠዋት ምርቃናው ሲበርድ ፈተናው ላይ ይተኛል። ዱካክ የሚሉት ቅዠት እንቅልፍ የነሳውም አለ። ከሁሉ የምፈራው ጨብሲውን ነው፤ ምርቃናውን ለመስበር ማታ መጠጥ ቤት ከተገባ በኋላ ኮንዶም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ስለ ጫትና ስለ ኤችአይቪ ለየብቻ ርዕስ አትያዙ፤ ማታውን እንዳለ ተነጋገሩበት። የሚቅም ልጅ አቻ አስተማሪ ይሁን ወይ? ከተመረጠ ይሁን። ሌላውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስቀምስ ከሆነ ግን አይሆንም። ይህን ብዬ ከአንዳንድ ወላጆች ቁጣ እንደሚደርሰኝ አውቃለሁ፤ ምንም ጉድፍ የሌለበት ልጅ ፊት ግን ማንም ገመናውን አይገልጥም።

የጥያቄ ሳጥን ጥሩ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ካደረግሽው ግን ባዶውን ይከርማል። መታጠቢያ ቤቱ አካባቢ፣ ሰው ብቻውን በሚያልፍበት ስቀዪው። አጠገቡ አንድ ዓይነት ወረቀትና እርሳስ ይኑር፤ የእጅ ጽሑፍ እንዳይታወቅ በትልልቅ ፊደል እንዲጽፉ አስታውቂ። ቁልፉ አንቺ ጋ ብቻ ይሁን። መልሱን በሳምንት አንድ ቀን ለጥፊው። ስለ መምህር ትንኮሳ፣ «ለውጤት ብሎ ጠየቀኝ» የሚል ወረቀት ከወጣ ግን አትለጥፊው፤ አትመርምሪውም፤ ልጅቷ ራሷን ብትገልጽ ወደ ሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቱ የምታደርሻት አንቺ መሆንሽን ብቻ ጻፊ።

ስለ አበሉ፣ ልጆቹን አልፈርድባቸውም፤ ሲሠለጥኑ አበል ያስለመዳቸው ሰው አለ። ከአሁን በኋላ ለመቀመጥ አይከፈል፤ ለወጣው ወጪ ግን ይከፈል፤ ሕመምተኛ ይዞ ሆስፒታል የሄደ ልጅ የባጃጁን ከኪሱ እንዳያወጣ። ሰርተፊኬቱ ለሥልጠናው ቀርቶ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ለሠራ ይሰጥ። ከክሊኒኩ ነርስ ወይም ከአማካሪ ጋር በየሳምንቱ፣ ሐሙስ ማታ በሉት፣ አንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ የከበዳቸውን ስም ሳይጠሩ ያውርዱ፣ የተሳሳተ መልስ ሰጥተው ከሆነ ይታረም። ጾምና ረመዳን ሲገባ ሰዓቱን ቀይሩ። ጽሕፈት ቤቱን ደግሞ አትጣዪው፤ በሴሚስተር አንድ ጊዜ አዳራሹን ሙዪለት፣ ሙዚቃና ድራማ ይኑር፣ ፎቶውንም ያንሳ። በየወሩ ደግሞ ስንት ሰው እንዳማከራችሁ፣ ስንቱን ወደ ሕክምና እንዳደረሳችሁ ቁጥር ላኪለት፤ ከወንበር ቁጥር ይልቅ ይህን መልመድ የሚችል ኃላፊ አይጠፋም።

ላስረክብ ወይ ላልሽው፣ አሁን አታስረክቢ፤ ለልጅቷ ያለብሽን ሳትጨርሺ መውጣት ጥሩ አይደለም። ግን ምክትልሽን ከሁለተኛ ዓመት ዛሬውኑ ምረጪ፤ ካሁኑ ካላለማመድሽ አንቺ ስትመረቂ ፕሮግራሙ አብሮሽ ይመረቃል።

ቲሸርቱን ተዪው። «የአቻ ለአቻ አስተማሪ» ተብሎ ጀርባው ላይ የተጻፈበት ልጅ ጋ ቆሞ የታየ ሁሉ «ምን ሆኖ ይሆን?» ይባላል፤ ከዚያች ልጅ በኋላ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሚገቡበት ሳምንት ሻንጣ ለሚሸከሙላቸው አምስትና ስድስት ልጆች ቢኖር አይከፋም። የቀረውን ገንዘብ ለባጃጅ፣ ለሞባይል ካርድ፣ ለእርግዝና መመርመሪያና ለሳጥኑ ቁልፍ አውዪው። ከተረፈሽ ለሐሙሱ ስብሰባ ሻይና ሳምቡሳ ግዢበት።